ከዙላ ወደብ እስከ ጨጨሆ ዳገት
በታች ጋይንት አርብ ገበያ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ወደብ ነው። በጦርነት ጊዜ ወደብ ላይ ስለሚሠራው ሠራዊት፣ ከመርከብ ላይ ጭነት አውርዶ፣ ቆጥሮና ደልድሎ፣ በሐዲድም በበቅሎም ጭኖ ወደ ጦሩ ስለሚያደርሰው ሠራዊት ነው። ከአርብ ገበያ ባሕር አይታይም። ከመካከላችን ባሕር አይቶ የማያውቅ ብዙ ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ግን ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ሐሙስ ማታ አህያና በቅሎው መግባት ሲጀምር፣ አርብ ጠዋት መጫኛው እየተፈታ ስልቻው ሲወርድ አይታችኋል። እህሉ የሚራገፍበት ቦታ አለው፤ ከብቱ የሚቆምበት ሌላ ነው፤ ጨውና በርበሬው ደግሞ ለብቻው ነው። ተራ አስከባሪ አለ፤ ጫኝና አውራጅ አለ፤ የሚሰፍርና የሚቆጥር አለ፤ ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት ወንዝ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ገበያው ይታፈናል፤ የመጣው እህል ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ እየዋለ ገዥው ባዶ እጁን ይመለሳል። ወደብም እንዲሁ ነው። የሚለየው ጭነቱ መብዛቱ፣ ጊዜው መጥበቡ፣ የሚጠብቀውም ሰው የተራበና የሚዋጋ መሆኑ ነው።

ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የጦር መንገድ የሚጀምረው ከወደብ ይሁን ከከተማ፣ የሚያልፈው በገበሬ ደጅ ነው። ይህንን መንገድ የሚያቆመው ወይም የሚያፈርሰው ደግሞ የመርከቡና የመድፉ ብዛት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ የሚያልፍበት ሕዝብ ምን ተደረገለት፣ ምንስ ተደረገበት የሚለው ነው። ማስረጃዬን ከሩቅ አላመጣም። በዚሁ በጋይንት ምድር ካለፈው ታሪክ ነው የማመጣው።

አስቀድሜ የወደብ ሠራዊት እንዴት እንደሚደራጅ በአጭሩ ላስረዳ።

ከሁሉ በፊት የወደቡ አዛዥ አለ። የትኛው መርከብ ቀድሞ ይግባ፣ የትኛው ባሕር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቅ የሚለውን የሚወስን እሱ ነው። ቀጥሎ ጀልባና ባርጅ የሚነዱ አሉ፤ ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት ቦታ መርከቡ ርቆ ስለሚቆም ጭነቱ በጀልባ ተመላልሶ ነው የሚወጣው። ከዚያ የጫኝና አውራጅ ሻምበሎች ይመጣሉ፤ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ገብተው በፈረቃ ሌትና ቀን ይሠራሉ። ቆጣሪ ጸሐፊዎች የወረደውን ሁሉ ከመርከቡ መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። የመጋዘን ሰዎች ጥይቱን ከእህሉ፣ መድኃኒቱን ከነዳጁ ይለያሉ። መሐንዲሶች የመርከብ ማቆሚያውን፣ መንገዱንና ሐዲዱን ይጠግናሉ። የመጓጓዣ ክፍሉ ጭነቱን ተረክቦ ወደ ጦር ግንባር ይነጉዳል። ውሃ የሚያቀርብ፣ በሽተኛ የሚያክም፣ ሌባ የሚጠብቅም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞችም አሜሪካኖችም ይህን ሥራ በሻምበልና በሻለቃ ያዋቀሯቸው የወደብ ክፍሎች ነበሯቸው። ወታደሮቹ ጠብመንጃ ከመተኮስ ይልቅ ገመድ መሳብና ክሬን ማንቀሳቀስ ነበር ሥራቸው።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ እናንተ ስልቻ ስታሥሩ የምታደርጉት ነው። መንገደኛ ምሳውን ከስልቻው ሥር አያደርግም፤ ከላይ ያደርገዋል። በመርከብም ቀድሞ የሚፈለገው መጨረሻ ላይ ነው የሚጫነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዞች ወደ ጋሊፖሊ ሲዘምቱ መርከቦቹ ያለ ሥርዓት ተጭነው ስለነበር ወደ እስክንድርያ ተመልሰው፣ ጭነታቸው ተራግፎ እንደገና እስኪጫን ድረስ ሳምንታት አለፉ። ጠላት በዚያ ጊዜ ምሽጉን ቆፈረ። በዚያ ስሕተት የሞተው ሰው ያለ ጥፋቱ ነው የሞተው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልግባ። መግቢያዬ ግን የክሪሚያ ጦርነት ነው፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው ታዩታላችሁ።

በ1854 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ሴባስቶፖል የምትባለውን የሩሲያ ምሽግ ከበበ። እንግሊዞች ባላክላቫ በምትባል ትንሽ ወደብ ሰፈሩ። ከወደቡ እስከ ምሽጉ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእናንተ እግር የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ክረምቱ ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ ዋጠው፤ የጭነት ከብቱ በርኃብ አለቀ። ወደቡ ላይ ምግብና ልብስ ተከምሮ እየበሰበሰ፣ በዚያች አጭር መንገድ ማዶ ወታደሩ በብርድ፣ በርኃብና በበሽታ ይሞት ነበር። ከጥይት ይልቅ የገደላቸው ይህ ነው። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ አገሩ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ነው ከባላክላቫ ወደ ጦሩ ሰፈር የባቡር ሐዲድ የተዘረጋው፤ የጭነት ሠራዊትም ራሱን ችሎ የተቋቋመው።

ሐዲዱ መዘርጋት የተጀመረበትን ጊዜ ልብ በሉ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር፣ በሰሜን ደረስጌ ማርያም፣ ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከዓመታት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። የመጨረሻው ትልቁ መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ሺህ ኪሎ ግራም ይደርሳል። ስሙንም ሴባስቶፖል አሉት። የዚያ የሩቅ ምሽግ ዝና እስከ በጌምድር ደርሶ ነበር ማለት ነው። ያንኑ ጦርነት ሁለት ወገን ሰማው። የእኛ ንጉሥ የምሽጉን ስም ወሰዱ። እንግሊዞች ደግሞ የወደቡን ትምህርት ይዘው ሄዱ።

የንጉሡና የእንግሊዝ ጠብ እንዴት እንደተነሣ ታውቁታላችሁ። ለንግሥት ቪክቶርያ የተላከው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንሲል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሠሩ፤ መልእክተኛው ራሳምም ኋላ ታሠረ። በ1859 ዓ.ም. ማለቂያ እንግሊዝ ጦር ለመላክ ቆረጠች። አዛዡ የቦምቤይ ጦር መሪ የነበረው ሰር ሮበርት ናፒየር ነው።

እንግሊዞች ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላን መረጡ። ይህ ቦታ ባዶ ዳርቻ አልነበረም። በአጠገቡ የአክሱም ወደብ የነበረችው የአዱሊስ ፍርስራሽ አለ። ዐፄ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ዓመት ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ሲዘምቱ መርከቦቻቸው የተሰበሰቡት በዚያ ነው፤ የጥንት ጽሑፍ 70 መርከብ ይላል። ከነጋዴ መርከብ መሰብሰብ፣ ማስጠገን፣ ስንቅና ፈረስ መጫን፣ ያ ሁሉ በእኛ እጅ የተሠራ የወደብ ሥራ ነበር። ከ1,300 ዓመት በላይ አልፎ እዚያው ዳርቻ ሌላ ሰው መጣ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መሐንዲሶቹ ዙላ ላይ ወረዱ። ውሃው ከዳር ጥልቀት ስለሌለው መርከብ አይጠጋም። በአንድ ወር ውስጥ ወደ ባሕሩ የሚገባ 640 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ መድረክ ሠሩ፤ ኋላም ሁለተኛ ጨመሩ። ዙላ ላይ ለዚያ ሁሉ ሰውና ከብት የሚበቃ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም። ስለዚህ መርከቦች ላይ የባሕር ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ጨው የሌለው ውሃ ያወጡ ነበር። አረቄ የምታወጡ እናቶች ይህን ጥበብ በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ጋኑን አስቡት፣ ግን የመርከብ ያህል ነው። ሦስት መርከቦች ሆስፒታል ሆኑ። ከዳርቻው እስከ ተራራው ግርጌ እስከ ኩማይሌ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተዘረጋ። ሐዲዱ ከሕንድ የመጣ፣ አብዛኛው አሮጌ፣ ዓይነቱም የተለያየ ስለነበር ሠራተኛውን አሠቃይቷል። ከኩማይሌ ወዲያ በሱሩ ገደል ውስጥ መንገድ ተጠርቦ ሰናፌ ደጋ ላይ ወጣ። የቴሌግራፍ ሽቦም ተከተለ።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። 13,000 ወታደር፣ 26,000 ያህል አገልጋይና ጓዝ ጫኝ፣ ከ40,000 በላይ የጭነት ከብት፣ 44 ዝሆን፣ ከ280 በላይ መርከብ። አንድ ወታደር ለመመገብ ሁለት አገልጋይና ሦስት ከብት ማለት ነው። መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይበቃል ተብሎ ነበር፤ ሲያልቅ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ።

ይህን ስትሰሙ ሁሉ ነገር በሥርዓት የሄደ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ላይ የባላክላቫ ጥፋት እንደገና ሊደገም ነበር። በቅሎዎቹ ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከፋርስ፣ ከሕንድ ተሰብስበው ነጂዎቻቸውና ኮርቻቸው ሳይደርሱ ቀድመው ወረዱ። ነጂ ተብለው የተቀጠሩት ከየወደቡ ሰፈር በጥድፊያ የተለቀሙ፣ እርስ በርስ ቋንቋ የማይግባቡ፣ ብዙዎቹም በቅሎ ጭነው የማያውቁ ነበሩ። በቅሎዎቹ በገመድ ታሠሩ፤ በውሃ ጥም ገመዱን እያኘኩ በጥሰው በረሃውን ሞሉት። በዚያ ላይ በሽታ ገባባቸው። ዳርቻው በሬሳቸው ተሸፈነ። አዛዦቹም ማን ማንን እንደሚያዝ አልለየላቸውም ነበር።

አባቶቼ፣ በቅሎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ያማል። በቅሎ ባለቤቷን ታውቃለች። ማን እንደሚጭናት፣ ማን እንደሚያራግፋት፣ ማን ገብስ እንደሚሰጣት ታውቃለች። ሺህ በቅሎ ለማይታወቅ ሰው ብትሰጡ ሺህ የጠፋ ከብት ነው የሰጣችሁት።

ነገሩን ያዳነው ሥርዓት ነው። ጄኔራል ስቴቭሊ ቀድሞ ደርሶ የወደቡን ሥራ በአንድ አዛዥ እጅ አደረገው። ናፒየር በታኅሣሥ መጨረሻ ሲገባ ጦሩን ወዲያው ወደ ንጉሡ ምሽግ ወደ መቅደላ አልነዳም፤ መጀመሪያ ጭነቱን አሰናዳ። ከፑንጃብ የመጡት የበቅሎ ጓዶች አርአያ ሆኑ፤ ምክንያቱም ሰውና በቅሎው አብሮ የመጣ፣ አለቃውም የታወቀ፣ ኮርቻውም የየራሱ ነበር። ሌላውም የመጓጓዣ ክፍል በዚያ መልክ ተደለደለ። ከዚያም በየደረጃው ማደሪያ ተቋቋመ፤ ዙላ፣ ሰናፌ፣ አዲግራት፣ አንታሎ። በየማደሪያው ስንቅ ይከማቻል፤ የሚጠብቅ ወታደር ይቀራል። ስለዚህ ከ13,000ው ወታደር መቅደላ ፊት የቆመው ከግማሽ በታች ነው። የቀረው መንገዱን ሲጠብቅ ነበር። ውጊያውን ያዩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ብዙኃኑ ደጀን ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ዙላ ያን ሁሉ ከብት ይዞም ከሰናፌ ወዲያ ለብቻው አይበቃም ነበር። ድርቆሹን፣ ገብሱን፣ ዱቄቱን፣ የጭነት አህያውንና በሬውን የሰጠው የአገሩ ሕዝብ ነው። ናፒየር የአንድንም ገበሬ እህል በግድ እንደማይወስድ፣ የሚወስደውን ሁሉ እንደሚከፍል አስነገረ። ለዚህም ከ4 ሚሊዮን በላይ የማርያ ቴሬዛ ብር አዘጋጅቶ ነበር፤ ብሩ በቪየና ተመትቶ በመርከብ የመጣ ነው። ገበሬው ብሩን አገላብጦ፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የሆኑት፣ በየካቲት 1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጋር ተገናኝተው መንገድና ስንቅ ፈቀዱ፤ በመጨረሻም መድፍና ጠብመንጃ ተሰጣቸው። የዋግና የላስታው ዋግሹም ጎበዜም መንገዱን አልዘጉም። ይህ ሁሉ ክፍያ የናፒየር ደግነት አልነበረም። ስሌት ነበር። መንገዱ በገበሬ ደጅ እንደሚያልፍ ያወቀ ሰው ስሌት ነው።

በዚያው ወቅት በእናንተ ምድር ምን ይሆን ነበር?

እንግሊዞቹ ዙላ በወረዱበት ሰሞን፣ በመስከረም ማለቂያ 1860 ዓ.ም. ገደማ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፎቻቸውን፣ ከሁሉ በላይ ሴባስቶፖልን፣ በሠረገላ አስጭነው ነበር። ሁለት ሠራዊት በአንድ ሰሞን ወደ አንድ ተራራ ጉዞ ጀመረ፤ አንዱ ከባሕር፣ አንዱ ከበጌምድር። የባሕሩ መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የንጉሡ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ሁለቱም የደረሱት ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ የንጉሡ ቅድሚያ የሳምንታት ብቻ ነበር።

መንገዱ በጋይንት አልፎ በጨጨሆ ወደ ዋድላ ይወጣል። ከዚያ ቤተ ሖር፣ የጅዳ ገደል፣ ደላንታ፣ የበሽሎ ገደል፣ መቅደላ። ጨጨሆን የምታውቁ ሰዎች ሰባት ሺህ ኪሎ ብረት ወደዚያ ሲወጣ አስቡት። ዛሬ ቻይኖች በሠሩት በወረታና ወልድያ መንገድ መኪና እንኳ እያቃሰተ የሚወጣው አገር ነው። ያኔ መንገድ አልነበረም። ወታደሩ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየናደ፣ ጉድጓድ እየሞላ መንገዱን ከፊቱ ይሠራ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው ደግሞ በጠፍር እየሳበ መድፉን ያስከትላል። በአይናቸው ያዩት እስረኞችና የእጅ ባለሙያዎች እንደጻፉት ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሡ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ተደክሞ የሚገኘው መንገድ ጥቂት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ለንጉሡም፣ ስማቸው ላልተጻፈው ጠፍር ሳቢዎችም እኩል አዝናለሁ፤ እኩልም እኮራለሁ። እንዲህ ያለ የመሐንዲስ ሥራ በዚያ ዘመን በዚህ አገር ብርቅ ነበር።

ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? ጉልበት አልጎደለም፤ ብልኃትም አልጎደለም። የጎደለው ደጀን ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ጉድለት ከማንም ቀድመው አውቀውት ነበር። ገና በነገሡ ጊዜ ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ከልክለው፣ ደመወዝ ከፍለው ሊያስተዳድሩት አስበው ነበር። የቀድሞው ልማድ ሠራዊት በሄደበት በገባር ቤት ገብቶ መብላት ነው። ሠራዊቱ የሚበላው ያገሩ ገበሬ ጎተራ ነው፤ ጎተራው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው አገር ይሄዳል። ንጉሡ ይህን ሊለውጡ ፈለጉ፤ ግን የሚከፍሉበት ግምጃ ቤት፣ የሚያከማቹበት የመንግሥት ጎተራ በቂ አልነበረም። ዐመፅ ሲበዛባቸው ወደ አሮጌው መንገድ ተመለሱ፤ ከአሮጌውም የከፋ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። የበጌምድር ገበሬ ተዘረፈ፤ መንደሩ ነደደ። በመጨረሻ የገዛ አገራቸው ገበሬ ጠላት ሆነባቸው። ሠራዊቱ እየከዳ ከብዙ አሥር ሺህ ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ። ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉን ብቻ አልነበረም የሚጎትቱት፤ የሚበሉትን ሁሉ ከኋላ እያስከተሉ፣ ከጎን በሚያደባ ገበሬ መካከል ነበር የሚሄዱት። አህያ ዳገት ላይ ከደረሰች በኋላ ገብስ ቢያቀርቡላት እንደማይረዳት ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ለንጉሡም ዳገቱ ደርሶ ነበር፤ ገብሱ አስቀድሞ ነበር መሰጠት የነበረበት፤ መስጠት የነበረበትም ያ የተዘረፈ ገበሬ ነበር።

ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ይህ ነው። የናፒየር ጦር ከላስታ ወጥቶ ዋድላ ላይ ሲደርስ ያንን የንጉሡን መንገድ አገኘው። በጅዳ ገደል የወረደውም የወጣውም በዚያ ነው። እንግሊዞቹ የሥራውን ጥንካሬ አድንቀው ጽፈዋል። የጋይንትና የበጌምድር ሰው በደሙ የጠረበው መንገድ ጠላትን ወደ መቅደላ አደረሰ።

የሆነው ሆነ። በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በመቅደላ ፊት አሮጌ በሚባለው ሜዳ በተደረገው ውጊያ በመቶዎች የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ ወደቀ። ያን ያህል ጉልበት የፈሰሰባቸው መድፎች ያንን ቀን አላዳኑም። ከፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ላለመስጠት በራሳቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ።

ስለ ጭነት እየተናገርኩ ነውና የመልሱንም ጭነት ልንገራችሁ። ያው የበቅሎ ሠራዊት ባዶውን አልተመለሰም። ከመቅደላ የተዘረፈውን የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ዘውድና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ሰባት ዓመቱ የነበረው ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ፤ እሱም በ1879 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አረፈ፤ መቃብሩ እስከ ዛሬ ዊንዘር ነው። ሥርዓት ያለው ጭነት ራሱ ፍትሕ አይደለም። መልካሙንም ክፉውንም እኩል ያደርሳል። ስለዚህ የሚጫነው ምን እንደሆነ ሁልጊዜ መጠየቅ አለብን። በሰኔ 1860 ዓ.ም. ጦሩ ዙላን ለቀቀ፤ ሐዲዱን ሳይቀር ነቅሎ ጫነው።

ከ28 ዓመት በኋላ ያው ትምህርት በሌላ ወገን ላይ ደረሰ። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደቡ ምጽዋ ነበር፤ መንገዱ በአሥመራ ወደ አዲግራት ይዘልቃል። ጄኔራል ባራቲየሪ የእንግሊዝን ያህል ወርቅና ከብት አልነበረውም፤ ገበሬውንም ርስቱን እየነጠቀ አስቀይሞት ነበር። በየካቲት ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከጣሊያን ከድተው በአጋሜ ያለውን የስንቅ መንገድ መቱት። የጣሊያን ጦር ስንቁ ሊያልቅ የቀናት ዕድሜ ሲቀረው መሸሽ ወይም መግጠም ግድ ሆነበት። ምኒልክም ቢሆኑ ያን ያህል ሕዝብ ይዘው በትግራይ ምድር ብዙ መቆየት አይችሉም ነበር፤ እህሉ እየመነመነ ነበር። ግን መንገድ ላይ ጎተራ አዘጋጅተው፣ ከየአገሩ ስንቅ አስከትለው ስለመጡ አንድ እርምጃ ቀደሙ። ዓድዋ ላይ የተዋጉትን ሁሉ እናከብራለን፤ ይገባቸዋልም። በአህያዋ ኋላ ዱቄት ተሸክማ፣ ምጣድ አዝላ፣ ውሃ ቀድታ የተከተለችውን እናት ግን ከእነሱ እኩል ልናስታውሳት ይገባል። እሷ የእኛ የወደብ ሻለቃ ነበረች።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ ከሁለቱም ታሪክ ተምሮ ነበር። ከመዝመቱ በፊት ምጽዋን አሰፋ፤ መንገድ ሠራ፤ ውሃ አወጣ። እንዲያም ሆኖ መርከቦች ተራ ለማግኘት ባሕር ላይ ይጠብቁ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ምጽዋን ሲለቅ መርከቦቹን ሆን ብሎ አስጥሞ ወደቡን ዘጋው። በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ከትንሽ የሠራተኛ ጓድ ጋር መጥቶ የሰመጠውን እያነሣ፣ እየጠገነ ወደቡን አስነሣው። ወደብ ቶሎ ይፈርሳል፤ ለማንሣት ግን ብዙ ላብ ይጠይቃል።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ ይህ ሁሉ ዛሬ ምን ይጠቅመናል? የዛሬው ወደባችን ጅቡቲ ነው። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ በድርቅ ጊዜ የሚመጣው ስንዴ በዚያ ይገባል፤ በሞጆ ደረቅ ወደብና በሌላም መንገድ ይሰራጫል። ጋይንትና ስማዳ ድርቅን ያውቃሉ፤ ሴፍቲኔትንም ያውቃሉ። አንድ ኩንታል ስንዴ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መጥቶ፣ የመጨረሻዋን ጥቂት ኪሎ ሜትር ግን መንገድ ስለታጣ ወይም ቆጣሪው ስለተዛባ ላይደርስ ይችላል። ባላክላቫም 11 ኪሎ ሜትር ነበር። ረኃብተኛ የሚሞተው ስንዴ ከባሕር ማዶ ባለመምጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከመጋዘን እስከ ደጁ ባለው መንገድም ነው። ስለዚህ ቆጣሪውን፣ መጋዘን ጠባቂውን፣ ጫኝና አውራጁን እንደ ትንሽ ሰው አትዩት። ሥራውን በእውነት ከሠራ የብዙ ሰው ሕይወት በእጁ አለ።

ለወጣቶች አንድ አደራ አለኝ። ከደብረ ታቦር እስከ ጨጨሆ፣ ከጨጨሆ እስከ ደላንታ ያ የመድፍ መንገድ የት የት እንዳለፈ ከሽማግሌዎች ጠይቁ። ምልክቱን ፈልጉ፤ ጻፉት። ስለ ንጉሡ ብዙ ተጽፏል። ጠፍሩን ስለሳቡት፣ ድንጋዩን ስለጠረቡት፣ እህላቸው ስለተዘረፈ ገበሬዎች ግን እጅግ ጥቂት ነው የተጻፈው። እነሱ የእናንተ ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ሌላ ሰው መጥቶ አይጽፍላችሁም።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። ሄዳችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ። እንግሊዝ ያን ሁሉ ዝሆንና መርከብ ይዞ ዘውዱንና መጽሐፉን ሲወስድ እሱን ትቶት ሄደ። ከጋፋት ተነሥቶ፣ በጋይንት አልፎ፣ ጨጨሆን ወጥቶ፣ ሁለት ገደል ተሻግሮ ደረሰ። ያንን ብረት እዚያ ያደረሰው ሕዝብ ምንም የሚያቅተው አልነበረም። እህሉ ባይዘረፍ፣ ቤቱ ባይቃጠል፣ ከመድፉ ኋላ ቆሞ ይገኝ ነበር።